ፈረስ ማክሰኞም ይበላል፦ ለግልቢያ ሥራ ደንበኛ የሚያመጡ መንገዶች ሲነጻጸሩ

ሱሉልታ ያለው ጋጣችን ስድስት ፈረስ ይዟል። የሚመራው የባለቤቴ ወንድም ነው። እኔ ስልክ አነሳለሁ፣ ሂሳብ እይዛለሁ፣ ጊዜ ሲተርፈኝ ቪዲዮ እለጥፋለሁ። ስንጀምር በዚያ አካባቢ ለግልቢያ ፈረስ የሚያከራየው ከሁለት ሦስት ሰው አይበልጥም ነበር። ዛሬ እሁድ ጠዋት ብቅ ብትሉ ኮርቻ የተጫነ ፈረስ ይዞ መንገድ ዳር የቆመውን ልጅ ቆጥራችሁ አትጨርሱም። እንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ደግሞ የአዲስ አበባ ሰው ፈረስ መጋለብን እንደ አንድ መዝናኛ ለምዶታል። ለሥራው ጥሩ ነው። ስለ ፉክክሩ ግን አይወራ።

ሥራውን የጀመሩ ወዳጆች እየደወሉ አንድ ነገር ይጠይቁኛል፦ «የት ብናስተዋውቅ ይሻላል?» ቲክቶክ የሚለው አለ። አስጎብኚ ድርጅት የሚለው አለ። ሰርግ ላይ ነው ብሩ ያለው የሚልም አይጠፋም። ሁሉንም ሞክረናል፤ በአንዳንዱም ከስረናል። ስለዚህ እዚህ የማወዳድረው ከአዲስ አበባ ዙሪያ ላለ፣ ከአራት እስከ አሥር ፈረስ ለያዘ ሰው እንዲመች አድርጌ ነው።

ከሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር ልናገር። አምና የሦስት ወር ደብተር ዘርግቼ ቁጭ ብዬ ቆጠርኩ። አንድ ፈረስ በቀን ከሦስት ሰዓት በላይ አናሠራም። ስድስት ፈረስ በቀን 18 ሰዓት ማለት ነው። ሰኞ ያርፋሉ። ቅዳሜና እሁድ ካለን 36 ሰዓት በአማካይ 33ቱ ይሸጣል። ከማክሰኞ እስከ ዓርብ ካለን 72 ሰዓት ደግሞ? 9። እኔ ስንትና ስንት ወር «ደንበኛ የለም» እያልኩ ሳማርር፣ ለካ ደንበኛ የጠፋው እሁድ አይደለም። ማክሰኞ ነው። ፈረሱ ደግሞ ማክሰኞም ገብስ፣ ፉርሽካና ድርቆሽ ይበላል።

ከዚያ በኋላ ማንኛውንም የማስተዋወቂያ መንገድ የምመዝንበት ሚዛን ተቀየረ።

መለኪያዎቹ

አንደኛው እንግዲህ የታወቀ ነው፦ የሚመጣው ሰው የትኛውን ቀን ይሞላል? እሁድን የበለጠ የሚያጨናንቅ ማስታወቂያ ብር ከፍሎ ሰልፍ መግዛት ነው። የተሰለፈ ሰው ደግሞ ተቆጥቶ ይሄዳል፤ ሲሄድም ዝም ብሎ አይሄድም።

ሁለተኛው፣ ከአንድ ሰዓት ግልቢያ ኪሳችሁ ውስጥ የሚቀረው ስንት ነው? ለስሌት እንዲመች በዚህ ጽሑፍ ሁሉ ሰዓቱን 1,000 ብር እንበለው። ኮሚሽን፣ የጫኝ መኪና፣ ፈረስ የሚይዙት ልጆች አበልና የማስታወቂያ ወጪ ሲቀነስ የሚተርፈውን ነው የምናወዳድረው።

ሦስተኛው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ብዙዎቻችን የምንዘለው እሱን ነው። መንገዱ የሚያመጣው ምን ዓይነት ጋላቢ ነው? የሀገራችን ፈረስ ጠንካራ ቢሆንም ትንሽ ነው። በሌላው ዓለም በሰፊው የሚሠራበት ልክ፣ ፈረስ ኮርቻውን ጨምሮ ከክብደቱ 20 በመቶ በላይ አይሸከም የሚል ነው። 300 ኪሎ የሚመዝን ፈረስ ካላችሁ 60 ኪሎ ማለት ነው። ኮርቻው 8 ኪሎ ቢመዝን ለሰውየው የቀረው 52 ኪሎ ነው። እሁድ እሁድ የሚመጡትን ጎረምሶች አስቧቸው እስቲ። ይህን ስሌት መጀመሪያ የሠራሁ ቀን እኔም አፍሬያለሁ። አሁን ከበድ ያለ ሰው ሲመጣ በሁለቱ ትልልቅ ፈረሶች ላይ ብቻ፣ ለግማሽ ሰዓት፣ በእርምጃ ብቻ ነው የምናስኬደው። የቀረውን «ይቅርታ» እንላለን። በዚህ ልክ ካየነው ለፈረሶቻችን የሚስማማው ደንበኛ ልጅ ነው። ይህን ያዙልኝ፤ በኋላ እንመለስበታለን።

አራተኛው፣ ውጤቱ መቼ ይታያል? ድርቆሽ ሻጩ ሁለት ወር አይጠብቅም። አምስተኛው፣ ያ መንገድ ነገ ቢዘጋ ምን ይተርፋችኋል? ሁሉ ደንበኛችሁ በአንድ ደላላ ወይም በአንድ የቲክቶክ ገጽ በኩል የሚመጣ ከሆነ ጋጣው የእናንተ፣ ገበያው የሌላ ሰው ነው።

ቲክቶክና መሰሎቹ

ርካሽ ነው፣ ፈጣን ነው፣ ስልክ ያለው ሁሉ ይችለዋል። ችግሩ ቪዲዮው የጋበዘውን ሰው ነው የሚያመጣላችሁ።

አንድ ጊዜ የባለቤቴ ወንድም ዳማውን ፈረሳችንን ሽምጥ ሲጋልብ ቀርጬ ለጠፍኩ። አቧራ፣ የማታ ፀሐይ፣ የሚውለበለብ ጋማ፤ ምን አለፋችሁ፣ ከ100 ሺህ በላይ ሰው አየው። በቀጣዩ እሁድ አሥራ አራት ጎረምሳ ተከታትሎ መጣ። አንዱም በእርምጃ መሄድ የሚፈልግ አልነበረም። ሁሉም «እንደ ቪዲዮው» ነው የሚለው። ማታ ኮርቻውን ስናወርድ ከሥሩ ያለው ጨርቅ፣ ግላሱ፣ ከዳማው ጀርባ ጋር ተጣብቆ፣ ሲነሳ ፀጉሩን ይዞ መጣ። የጀርባው ቆዳ የእጅ መዳፍ በሚያህል ስፋት ተላጧል። ዳማው ለሦስት ሳምንት ኮርቻ አልነካም። ከዚያ እሁድ ያገኘነው ብር ያንን አልሸፈነም።

አሁን የምንለጥፈው ሌላ ነው። ሰኮና ሲጸዳ፣ ልጅ በመዳፏ ገብስ ስታበላ፣ ጠዋት ጭጋግ ውስጥ ፈረሶቹ ሲወጡ። ተመልካቹ አሥር እጅ ቀነሰ። የሚደውለው ሰው ግን እናት ሆነ።

እግረ መንገዴን ስለ ስም አንድ ነገር ላንሳ። እኛ ሀገር ሰው በፈረሱ ስም ይጠራ ነበር፤ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ፣ ባልቻ ሳፎ አባ ነፍሶ። እንዲህ ያለ ባህል ይዘን ፈረሶቻችንን «ቁጥር 3» ማለት ምን የሚሉት ነው? የእኛ ረጋ ያለው አምባላይ ፈረስ አባ ዝምታ ይባላል። ስሙን በየቪዲዮው ጻፍን። አንድ ቀን አንዲት እናት ደውላ «አባ ዝምታ አለ? ልጄ እሱ ካልሆነ አልወጣም ብላለች» አለችኝ። አባ ዝምታ እሁድ ተይዟል፣ ረቡዕ ግን ነፃ ነው አልኳት። ረቡዕ መጡ። እስከዛሬ አንድም ማስታወቂያ እንዲህ ደንበኛን ከእሁድ ወደ ረቡዕ አላዞረልኝም።

የድርጅቱን ስም በተመለከተ ግን ተጠንቀቁ። «ፈረስ» የሚለውን ቃል ብቻ ይዛችሁ ስም ብታወጡ ኢንተርኔት ላይ የሚቀድማችሁ የታክሲ መተግበሪያው ነው። የሰፈራችሁን ስም ጨምሩበት።

በክፍያ ስለሚሠራው ማስታወቂያስ? ለፌስቡክም ሆነ ለቲክቶክ ለመክፈል በውጭ ምንዛሪ የሚሠራ ካርድ ይጠይቃል። አብዛኛው ሰው በአማላጅ ያስከፍላል፤ አማላጁም የራሱን ይቆርጣል። እኛ አንድ ጊዜ 5,000 ብር አውጥተን በሥራ ቀን የመጡልን አራት ሰዎች ናቸው። አራት ሺህ ብር። ሂሳቡን ለእናንተ ትቼዋለሁ።

ጉግል ማፕ

ይህን ያላደረገ ሰው ዛሬውኑ ያድርግ። ነፃ ነው። በሰፈራችን የመንገድ ስምና የቤት ቁጥር ይዞ የሚመጣ እንግዳ የለም፤ ካርታው ላይ ያለችው ነጥብ ናት አድራሻችሁ። የእኛ ነጥብ መጀመሪያ የተቀመጠችው በስህተት አንድ ድርቆሽ ነጋዴ ደጃፍ ላይ ነበር። ሰውየው ለወራት «ፈረስ የለም፣ ድርቆሽ ነው» ሲል ከርሞ፣ በመጨረሻ ራሱ መጥቶ አስተካክሉልኝ አለን።

በዚህ መንገድ የሚመጡት በአፍሪካ ኅብረትና በተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን የሚሠሩ፣ ኤምባሲ ያሉ ቤተሰቦች፣ ለእረፍት የመጡ ዲያስፖራዎች ናቸው። የውጭ ትምህርት ቤቶች የእረፍት ጊዜ ከእኛ ስለሚለይ በሥራ ቀን የሚመጡ ቤተሰቦች አሉበት። ዲያስፖራውም እዚህ ሲመጣ ሰኞና ቅዳሜ ለሱ አንድ ናቸው። ከመምጣታቸው በፊት ግን ሌሎች የጻፉትን አስተያየት ያነባሉ። ስለዚህ ደስ ብሎት የሄደን ሰው ገና ከኮርቻ ሲወርድ «ሁለት መስመር ጻፉልን» በሉት። ቤቱ ከገባ ይረሳዋል። መጥፎ አስተያየት ከመጣም በትህትና መልሱ እንጂ አትሟገቱ፤ መልሳችሁን የሚያነበው ቀጣዩ ደንበኛ ነው።

ጉድለቱ ቀስ ብሎ መሥራቱ ነው። የመጀመሪያዎቹን አሥር አስተያየቶች እስክናገኝ ግማሽ ዓመት ፈጅቷል።

አስጎብኚ ድርጅቶች

ቱሪስት ማክሰኞ ይጋልባል። ያ ብቻውን ትልቅ ነገር ነው። ከ10 እስከ 20 በመቶ ኮሚሽን ቢጠይቋችሁ አትደንግጡ፤ በሙያው የተለመደ ነው። ከ1,000 ብር 800 ይተርፋችኋል፣ ያውም ባዶ ሊውል በነበረ ሰዓት።

ግን ዋጋ አለው። የግብር ከፋይ ቁጥርና ሕጋዊ ደረሰኝ ይጠየቃል። ሄልሜት ይጠየቃል። እንግዳው ከአውሮፓ ከሆነ ከእናንተ ፊት በፊት የሚያየው የፈረሱን ጎድን፣ ጀርባና አፍ ነው። ቁስል ካየ አይጋልብም፤ አስጎብኚውም ዳግመኛ አይደውልም። እንደ ብሩክና ስፓና ያሉ የሥራ እንስሳትን ጤና የሚከታተሉ ድርጅቶች በኢትዮጵያ ዓመታት ሠርተዋል፤ የሚያስተምሩትን መስማት ለእንስሳው ብቻ ሳይሆን ለገበያውም ይጠቅማል።

ሌላው ክፍያ ነው። አንድ ድርጅት፣ ስሙ ይቅር፣ የስምንት እንግዳ ሂሳብ አራት ወር ይዞብናል። በየሳምንቱ ስደውል «ፋይናንስ ጋ ነው» ይሉኛል። አሁን ግማሹ ከመምጣታቸው በፊት በቴሌብር ካልገባ ፈረስ አንጭንም። ሁለት ድርጅቶች በዚህ ተቀይመው ሄዱ። ሦስት ቀሩ። ሦስቱ ይበቁናል።

ሰርግ

ሁሉም የሚቋምጥለት ይሄ ነው። ሙሽራ በነጭ ፈረስ ሲገባ ማየት ደስ ይላል፤ ዋጋውም ሲሰማ ያጓጓል። 8,000 ብር ተስማማችሁ እንበል። አይሱዙ ደርሶ መልስ 3,500። ሁለት ልጆች 1,000። ሰርግ የሚበዛው ቅዳሜና እሁድ ስለሆነ ፈረሱ ጋጣ ቢውል ይሸጥ የነበረው ሦስት ሰዓት 3,000። የተረፋችሁ 500 ብር ነው። በማግስቱ ደግሞ ፈረሱ ደክሞ፣ ተረብሾ ይውላል። የሰርግ ማጉያ አጠገብ የቆመ ፈረስ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ጆሮው ሁለቱም ወደኋላ ነው።

ብሩ ያለው ከሰርጉ በፊት ነው፤ ፕሪ-ዌዲንግ የሚሉት ፎቶ ላይ። ሙሽሮቹ ራሳቸው ወደ ጋጣው ይመጣሉ። አይሱዙ የለም። ፎቶ አንሺው ከሰርግ የሚያርፈው በሥራ ቀን ስለሆነ ቀጠሮው ሐሙስ ወይም ዓርብ ላይ ይወድቃል። ሁለት ፈረስ ለሁለት ሰዓት 5,000 ብር፤ ለፎቶ አንሺው 10 በመቶ ብትሰጡት 4,500 ይተርፋል። ፈረሱም አብዛኛውን ጊዜ ቆሞ ነው የሚውለው። በዚያ ላይ ፎቶዎቹ ለገጻችሁ ይሆናሉ፤ በእርግጥ ሙሽሮቹን አስፈቅዳችሁ።

ወቅቱን ማወቅ ያስፈልጋል። ለጥር ሰርግ ፎቶው ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ነው። በዐቢይ ጾም ሰርግ የለም፤ ግን ከፋሲካ በኋላ የሚያገቡት በጾሙ ማብቂያ ገደማ መደወል ይጀምራሉ። ሌላው ገበያ ቀዝቅዞ የእኛ ስልክ የሚጮህበት ጊዜ ነው።

አንድ የሥራ ምክር፦ ፈረስ ቬሎ አይወድም። ነፋስ ሲያነሳው ከጎኑ ነጭ ነገር የዘለለበት ይመስለዋል። የመጀመሪያዋ ሙሽራ ስትመጣ አባ ዝምታ እንኳ፣ ስሙን ረስቶ፣ ሁለት እርምጃ ወደኋላ ዘሎ ዛቡን የያዘውን ልጅ እግር ረገጠው። ከዚያ በኋላ አሮጌ የመስኮት መጋረጃ አጥሩ ላይ አንጠልጥለን ሁለት ሳምንት ከሥሩ አበላናቸው። አሁን ቬሎው ፊታቸው ላይ ቢያርፍም ማኘካቸውን አያቋርጡም።

ትምህርት ቤት

ልጅን ያዙልኝ ያልኩት ለዚህ ነው። የልጅ ክብደት ለፈረሶቻችን ይስማማል፤ ትምህርት ቤት የሚመጣው ደግሞ በሥራ ቀን ነው።

አንድ ረቡዕ ከሰዓት አሥራ ሁለት ልጅ መጣ እንበል። በስድስት ስድስት፣ ሁለት ዙር፣ እያንዳንዱ አንድ ሰዓት። ዋጋውን ወደ 700 ብታወርዱት 8,400 ብር ነው። ለእያንዳንዱ ልጅ ዛብ የሚይዝ ሰው ስለሚያስፈልግ ስድስት ሰው፣ እያንዳንዱን በ300 ብር፣ ትቀጥራላችሁ፤ 1,800 ቀንሱ። 6,600 ይተርፋል፣ ድሮ ዜሮ ከነበረ ረቡዕ።

ታዲያ ሁሉም ለምን አያደርገውም? ስለሚያደክም ነው። ደብዳቤ ይዛችሁ ትሄዳላችሁ፣ ርእሰ መምህሩ ስብሰባ ላይ ናቸው። ትመለሳላችሁ፣ የወላጅ ኮሚቴ ይወስን ይባላል። የወላጅ ፈቃድ ወረቀት፣ የሄልሜት ቁጥር፣ የመጀመሪያ እርዳታ ሳጥን፣ አንድ ነገር ቢደርስ ኃላፊነቱ የማን እንደሆነ የሚገልጽ ውል። እኛ ነሐሴ ላይ ጀምረን የመጀመሪያው አውቶቡስ የመጣው ጥቅምት አጋማሽ ነው። መስከረም ላይ የምትጀምሩ ከሆነ ዘግይታችኋል፤ የዓመቱ መርሐ ግብር ተይዟል።

የማይቆጠረው ጥቅም ከዚያ በኋላ ይመጣል። ልጁ ቤቱ ሄዶ ዝም አይልም። በእኛ ደብተር ከትምህርት ቤት ከመጡ ልጆች ሩብ ያህሉ ወላጆቻቸውን ይዘው ተመልሰዋል። ለእነሱ ወርሃዊ ፓኬጅ አዘጋጀን፦ በወር አራት ትምህርት፣ በሥራ ቀን ብቻ፣ ክፍያው በወሩ መጀመሪያ።

ደላላና መንገድ ዳር

ባጭሩ፦ ፈጣን ነው፣ ዋጋውን ግን ከእጃችሁ ያወጣዋል። እናንተ 1,000 ስትሉ እሱ ለደንበኛው 1,500 ይላል። ደንበኛው የተወደደበት በእናንተ ነው የሚመስለው። የሚያመጣውም እሁድ ነው። ታፔላ ግን ስቀሉ፤ አንዴ ከፍላችሁ ዓመታት ትቆያለች። ስልክ ቁጥሩ ከመኪና ውስጥ እንዲነበብ ትልቅ ይሁን፣ የተጋጌጠ ፊደል ይቅር።

ማኅበር ባለበት ቦታ

ወንጪ ያለ ሰው ይህን ሁሉ አንብቦ ሊስቅብኝ ይችላል። እዚያ ወደ ሐይቁ የሚወርድ እንግዳ ፈረስ የሚያገኘው በማኅበር፣ በተራ ነው። ቦታውን የሚያስተዋውቀው ሌላ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2021 የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች መካከል መርጦታል፣ በገበታ ለሀገርም ተሠርቷል። ዶዶላም እንዲሁ ነው፤ በጫካው ውስጥ ከካምፕ ካምፕ ለበርካታ ቀናት የሚደረገው የፈረስ ጉዞ በአካባቢው ማኅበረሰብ የተያዘ ነው። እዚህ ብቻችሁን ቲክቶክ ላይ ብትደክሙ የሚመጣው እንግዳ ለባለ ተራው ይደርሳል። ገንዘባችሁን ኮርቻና ሰኮና ላይ አውሉት፤ እንግዳ መሪውን በስም ጠይቆ የሚመለሰው በእሱ ነው።

አዊ ዞን ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 እንጅባራ ላይ በዓሉን ሲያከብር ያየ ሰው ፈረስ ማለት ምን እንደሆነ ይገባዋል። ለንግድ ሳይሆን ለዓይን ሂዱ። የጭራና የግላስ አሸላለማቸውን ያየን ጊዜ የእኛ ፈረሶች እርቃናቸውን የቆሙ መሰሉኝ።

ሁሉም በአንድ ገበታ

ሰዓቱ 1,000 ብር ሆኖ፣ በእኛ ልምድ፦

| መንገድ | የሚሞላው ቀን | ከአንድ የፈረስ ሰዓት የሚተርፈው | ውጤት የሚታይበት ጊዜ | ዋናው ሥጋት |
|---|---|---|---|---|
| ቲክቶክ (ያለ ክፍያ) | በብዛት እሁድ | 1,000 | ቀናት | ሽምጥ ፈላጊ ጎረምሳ |
| የተከፈለበት ማስታወቂያ | የተደባለቀ | ለእኛ ኪሳራ | ቀናት | የካርድ ክፍያ፣ አማላጅ |
| ጉግል ማፕ | ቅዳሜ፣ የተወሰነ የሥራ ቀን | 1,000 | 6 ወር ገደማ | ያልተመለሰ መጥፎ አስተያየት |
| አስጎብኚ ድርጅት | የሥራ ቀን | ከ800 እስከ 900 | ከ1 እስከ 3 ወር | የዘገየ ክፍያ |
| የሰርግ ዕለት | ቅዳሜና እሁድ | ከሞላ ጎደል ምንም | ወዲያው | የፈረሱ ድካም፣ የመኪና ወጪ |
| ፕሪ-ዌዲንግ ፎቶ | ሐሙስ፣ ዓርብ | 1,125 | 1 ወር ገደማ | ያልለመደ ፈረስ |
| ትምህርት ቤት | የሥራ ቀን | 550 | ከ2 እስከ 3 ወር | የደህንነት ኃላፊነት |
| ደላላ | እሁድ | 1,000 | ወዲያው | ዋጋና ስም ከእጅ መውጣቱ |

የትምህርት ቤቱን 550 አይታችሁ እንዳትንቁት። የእሁዱ 1,000 ቀድሞም የተሸጠ ሰዓት ነው፤ የረቡዑ 550 ከባዶ የመጣ ነው።

ለማን የቱ?

እጃችሁ ላይ ምንም ብር ከሌለ፦ ጉግል ማፕ፣ የፈረስ ስም፣ በሳምንት ሁለት ረጋ ያለ ቪዲዮ። ለስድስት ወር ሌላ ነገር አትንኩ።

ከ10,000 እስከ 20,000 ብር ማውጣት የምትችሉ ከሆነ ማስታወቂያ ላይ አታፍስሱት። ሄልሜት ግዙበት፣ ታፔላ አሠሩ፣ በቀረው ሁለት ፎቶ አንሺዎችን ጋብዛችሁ በነፃ እንዲያነሱ አድርጉ። ያለ ሄልሜት ትምህርት ቤትም አስጎብኚም በሩን አይከፍትላችሁም።

ንግድ ፈቃዱና ደረሰኙ የተሟላላችሁ፣ እንግሊዝኛ የሚናገር ልጅ ያላችሁ ሰዎች ወደ አስጎብኚዎቹ ሂዱ። ሦስት ይበቃችኋል፤ አንድ ብቻ ግን አይሁን።

ፈረሶቻችሁ ትንንሽና ረጋ ያሉ ከሆኑ ትምህርት ቤት ነው መንገዳችሁ፤ ድካሙን ቻሉት። ትልልቅና ቁጡ ፈረስ የያዘ ሰው ግን ልጅ እንዳያስጠጋ። እሱ ልምድ ላላቸው ጋላቢዎች በውድ ይሽጥ። «በቅሎ አባትሽ ማነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች» እንዲሉ፣ ያልሆኑትን ነን ብሎ ማስተዋወቅ በፈረስ ሥራ ቶሎ ይጋለጣል፤ ደንበኛው ገና እርካብ ላይ እግሩን ሲያደርግ።

ክረምት ላይ ምን ይደረግ ለምትሉ፣ ሱሉልታ ሐምሌ ጭቃ ነው። ዲያስፖራው ደግሞ የሚመጣው ያኔ ነው። እኛ ከዝናቡ በፊት ያለውን የጠዋት ሰዓት ብቻ እንሸጣለን፣ ከሰዓት ፈረስ አናወጣም።

የትኛውንም ብትመርጡ፣ ስልክ ሲደወል የመጀመሪያ ጥያቄያችሁ «ማን ጠቆማችሁ?» ይሁን፤ መልሱንም ጻፉት። እኛ ጋ ባለ 50 ሉክ ደብተር ነው፣ በእስክሪብቶ የተሠመረ፤ ቀን፣ ማን ላከው፣ የትኛው ፈረስ፣ ተከፈለ ወይስ አልተከፈለም። ያለፈው ማክሰኞ መስመር እንዲህ ይላል፦ ከቀኑ 9 ሰዓት፣ ሁለት ልጆች፣ የክፍል ጓደኛቸው እናት የጠቆመቻቸው፣ አባ ዝምታና ዳማው፣ ተከፍሏል።